ፍሬስኮ ምንድን ነው?

ግድግዳ ላይ ያለ ሥዕል ሁሉ «ፍሬስኮ» ሲባል እሰማለሁ። ቃሉ ግን የሚናገረው ሥዕሉ የት እንዳለ ሳይሆን እንዴት እንደተሠራ ነው። ጣሊያንኛ ነው፤ ትርጉሙ «ትኩስ» ማለት ነው። ትኩስ የተባለው ልስኑ ነው። ግድግዳው በኖራ እንደተለሰነ፣ እርጥበቱ ሳይለቀው ሠዓሊው ይሥልበታል።

ለምን እርጥብ? ምሥጢሩ ያለው ኖራው ውስጥ ነው። የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ እሳት ሲቃጠል በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የቀረውን ውሃ ሲያጠጡት ይፈላና ልስልስ ያለ ሊጥ ይሆናል። ከአሸዋ ጋር ተደባልቆ ግድግዳ ላይ ሲለሰን፣ ያጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየሩ ላይ መልሶ ይስባል። ቀስ እያለም ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ሠዓሊው ቀለሙን በውሃ ብቻ በጥብጦ የሚቀባው በዚህ መሐል ነው። ሙጫ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ዘይት የለ። ኖራው ሲጠነክር ቀለሙን ይዞት ይጠነክራል። እኔ ይህን መጀመሪያ ስረዳ በጣም ነው የገረመኝ። ሥዕሉ ከግድግዳው ጋር አንድ አካል ሆኗል ማለት ነው።

ችግሩ ልስኑ አይጠብቅም። ጥቂት ሰዓት ነው የሚሰጠው። ስለዚህ በዚያ ቀን ተሥሎ የሚያልቀው ቦታ ብቻ ይለሰናል። ጣሊያኖቹ ይህችን ቁራጭ «ጆርናታ» ይሏታል፤ የአንድ ቀን ሥራ ማለት ነው። የኛ ገበሬ መሬቱን በጥማድ ይለካ የለ? ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰውን ያህል። ጆርናታም እንደዚያው ነው፤ አንድ ሠዓሊ በቀን የሚሥለው ግድግዳ። ፊት ከሆነ ትንሽ ቦታ ቀኑን ይፈጃል። ሰማይ ከሆነ ሰፊ ቦታ ቶሎ ያልቃል። ሲመሽ ያልተሣለበት ልስን ተቆርጦ ይነሳል፤ ነገ አዲስ ልስን ከጎኑ ይገጠማል። የተበላሸ ነገር ካለ ላጲስ የለም። ልስኑን ፈንቅሎ እንደገና መጀመር ነው። ሥራው ደግሞ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ አለዚያ የላይኛው ልስንና ቀለም እየተንጠባጠበ የታችኛውን ያበላሸዋል።

የጆርናታዎቹ መጋጠሚያ እስከ ዛሬ ይታያል። ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት ስፌት ይመስላል። ባለሙያዎች እሱን ቆጥረው ሠዓሊው በየትኛው ሥራ ላይ ስንት ቀን እንደቆየ ያውቃሉ።

ማይክል አንጄሎን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ1508 እስከ 1512 በቫቲካን የሲስቲን ቤተ ጸሎትን ጣሪያ ሣለ። ራሱን የሚቆጥረው እንደ ቀራጺ ነበር፤ በፍሬስኮ ብዙም አልሠራም። መጀመሪያ አካባቢ የጥፋት ውሃን ታሪክ ሲሥል ሻጋታ ወጣበት። ሙያዬ አይደለም ብሎ ለጳጳሱ ለዩልዮስ ሁለተኛ አመለከተ። ጁሊያኖ ዳ ሳንጋሎ የሚባል የሕንፃ ባለሙያ መጥቶ ሲያየው፣ ኖራው ውሃ በዝቶበት ነበር። ተስተካከለና ሥራው ቀጠለ። እየቆየ እጁ ፈታ። የአዳምን አካል የጨረሰው በ4 ጆርናታ ነው። እግዚአብሔር ብርሃንን ከጨለማ ሲለይ የሚያሳየውን ደግሞ በአንድ ቀን ጨረሰው! ያንን ሁሉ የሠራው ብዙ ሰው እንደሚለው በጀርባው ተኝቶ አይደለም። ቆሞ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልሶ ነው።

ሁሉም ቀለም ግን ኖራን አይችልም። አዙራይት ከሚባል ማዕድን የሚገኘው ሰማያዊ አንዱ ነው። እሱ ግድግዳው ከደረቀ በኋላ በማጣበቂያ ይቀባል። ይህ አሠራር «ሴኮ» ይባላል፤ ደረቅ ማለት ነው። ሴኮ ከላይ የተለጠፈ ስለሆነ እየቆየ ይረግፋል። በጥንት የጣሊያን አብያተ ክርስቲያናት ፊቷ ደህና ሆኖ መጎናጸፊያዋ የገረጣ እመቤታችንን ብታዩ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

የሴኮ ትልቁ ኪሳራ ሚላኖ ነው ያለው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ «የመጨረሻው እራት»ን እ.ኤ.አ. በ1490ዎቹ ሲሥል በቀኑ ልስን መታሰር አልፈለገም። ቆም ብሎ ማየት፣ ማሰብ፣ መደራረብ ይወድ ነበር። ደረቅ ግድግዳ ላይ ሠራው። ሠዓሊው ከሞተ ብዙም ሳይቆይ ሥዕሉ ተልጦ ተበላሽቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1999 ድረስ ሃያ ዓመት የፈጀ ጥገና አስፈልጎታል። ስለዚህ ብዙዎች ፍሬስኮ የሚሉት ያ ዝነኛ ሥዕል ፍሬስኮ አይደለም። በብዙ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ያለውም አይደለም። የኛ ሠዓሊዎች በአብዛኛው የሚሥሉት ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ ነው፤ ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ በሌላ ስም ባንጠራው ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሚሣልበት ልስን ሥር ሌላ ሻካራ ልስን አለ። ሠዓሊው እዚያ ላይ በቀይ አፈር ንድፉን ያወጣል፤ «ሲኖፒያ» ይባላል። ከዚያ በየቀኑ አዲስ ልስን እየደረበ ንድፉን ይሸፍነዋል። ማንም እንዲያየው አልተሠራም። እ.ኤ.አ. በ1944 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጣሊያን ከተማ ፒሳ ያለው ጥንታዊ የመቃብር ሕንፃ በመድፍ ተመቶ ጣሪያው ተቃጠለ። የጣሪያው እርሳስ ቀልጦ በግድግዳው ላይ ወረደ። የቀሩትን ፍሬስኮዎች ለማዳን ከግድግዳው ሲያላቅቋቸው፣ ሥሩ ያሉት ቀይ ንድፎች ብቅ አሉ። ዛሬ እዚያው ፒሳ የራሳቸው ሙዚየም አላቸው። ሠዓሊው ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ያሰመረው፣ ከዚያ በገዛ እጁ የሸፈነው መስመር ፊት ለፊት ይታያል።