«በስምንተኛው ሺ ካክተስ ይዘራል?»

ካክተስ ከዘር ማብቀል ከጀመርኩ 18 ዓመት ሊሞላኝ ነው። በእነዚህ ዓመታት በረንዳዬን ያየ እንግዳ ሁሉ፣ ተማክረው የመጡ ይመስል፣ አንድ ዓይነት ነገር በሦስት እርከን ይለኛል። መጀመሪያ «ይህ መቼ ነው የሚያድገው?» ይላል፤ ቀጥሎ ሽበቴን አየት አድርጎ «እርስዎ ይደርሱበታል?» ይላል፤ በመጨረሻም መልስ ሳይጠብቅ «ደግሞስ በዚህ በስምንተኛው ሺ!» ብሎ ራሱን እየነቀነቀ ወደ ሳሎን ይመለሳል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በሕክምና ላቦራቶሪ ውስጥ የሠራሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ያልተመረመረ ነገር በእርግጠኝነት ሲነገር መስማት ከድሮም አይሆንልኝም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ እንግዳ ከምደጋግመው አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል ብያለሁ።

ቀላል ቀላሎቹን አስቀድሜ ላራግፍ። ካክተስ ከኮምፒውተር የሚወጣ ጨረር ይስባል የሚባለው ሐሰት ነው፤ ኮምፒውተር አጠገብ የተቀመጠ ካክተስ የሚያተርፈው ነገር ቢኖር የብርሃን እጥረት ነው። እሾህ ያለው ተክል ቤት ውስጥ ጠብ ያመጣል ለሚሉት ደግሞ፣ በእኔ ቤት ጠብ ያስነሣው እሾሁ ሳይሆን ባለቤቴ ልብስ ልታሰጣበት ያሰበችውን በረንዳ መያዙ እንደሆነ እመሰክራለሁ። በበረሃ የተጠማ መንገደኛ ካክተስ ቆርጦ ጥሙን ያረካል የሚባለውም የፊልም ወሬ ነው፤ በአብዛኞቹ ግንድ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሙጫነትና አሲድነት ስላለው ጠጪውን አስታውኮ የቀረችውንም የሰውነቱን ውሃ ያሳጣዋል። በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ ያብባል የሚባለው ተክል ካክተስ ሳይሆን የቃጫ ዘመድ የሆነው አጋቬ ነው፤ እሱም ቢሆን መቶ ዓመት አይጠብቅም፣ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ረጅሙን የአበባ ዘንጉን አውጥቶ ይሞታል።

በየኮረብታው የምናየው ቁልቋልም ካክተስ አይደለም። ቁልቋል ሲቆረጥ ዓይን የሚያቃጥል ነጭ ወተት ያወጣል፤ ካክተስ ግን ወተት የለውም ማለት ይቻላል፣ እሾሁም የሚወጣው ትንሽ የጥጥ ትራስ ከመሰለች ነጥብ ላይ ነው። የካክተስ ወገን የትውልድ አገሩ ሰሜንና ደቡብ አሜሪካ ነው፤ በዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖርና በአፍሪካ ደኖች ውስጥ ሳይቀር የሚገኝ አንድ ዝርያ ብቻ ከዚህ ይለያል። ነገሩን ይበልጥ የሚያስቀው፣ ከጥንት ጀምሮ የትግራይ ተራሮች ጌጥ የሚመስለን በለስ ከሜክሲኮ የመጣና በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን የገባ ትክክለኛ ካክተስ መሆኑ ነው። ይህን የነገርኩት አንድ የመቀሌ ሰው ለአንድ ወር ያህል ሰላምታ ነፍጎኛል።

«አዲስ አበባ ለካክተስ ብርድ ናት» የሚለው ደግሞ ካክተስ ማለት የአሸዋ በረሃ ማለት ነው ብሎ ከማሰብ የመጣ ነው። በአንዲስ ተራሮች ከ4,000 ሜትር በላይ ውርጭ እየመታቸው የሚኖሩ ዝርያዎች አሉ፤ ከቦሊቪያና ከሰሜን አርጀንቲና ተራሮች የመጡት ሬቡቲያዎች የእኛን ቀዝቃዛ ሌሊትና ጠንካራ የቀን ብርሃን ይወዱታል። እዚህ ካክተስ የሚገድለው ብርዱ ሳይሆን የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው፤ ለእሱም መፍትሔው ከላይ ግልጽ ላስቲክ ወጥሮ ጎኑን ለነፋስ ክፍት መተው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። «ካክተስ ዕድሜ ይፈጃል፤ ጊዜ ደግሞ የለም» የሚለው አባባል ሁለት ስሕተቶችን አንድ ላይ የቋጠረ ስለሆነ ለየብቻ መፈታት አለበት።

የመጀመሪያው ስሕተት ሁሉም ካክተስ አዝጋሚ ነው ብሎ ማመን ነው። በ2010 ዓ.ም. የዘራኋቸው ሬቡቲያዎች በ2013 ዓ.ም. አብበዋል፤ ብዙዎቹ ማሚላሪያዎችም ከተዘሩ በሦስትና በአራት ዓመት ውስጥ ቀለበት የመሰለ አበባቸውን ይሰጣሉ። ቡና ተክሎ ፍሬ ለመልቀም የሚጠበቀው ጊዜ ከዚህ ብዙም አይለይም፤ ሆኖም ቡና ለሚተክል ሰው «ትደርስበታለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ እስካሁን አላጋጠመኝም። አዝጋሚው፣ ወሬውን ሁሉ ያመጣው፣ በአሜሪካዋ አሪዞናና በሰሜን ሜክሲኮ የሚበቅለው፣ ቅርንጫፉን እንደ ክንድ የሚዘረጋው ግዙፍ ካክተስ፣ ሳዋሮ ነው። ሳዋሮ በተፈጥሮ ቦታው በመጀመሪያዎቹ 8 ዓመታት የሚያድገው ከ2.5 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ለማበብ ወደ 35 ዓመት፣ የመጀመሪያውን ክንድ ለማውጣት ከ50 እስከ 70 ዓመት፣ ደረቅ በሆነ ስፍራ ደግሞ እስከ 100 ዓመት ይፈጅበታል፤ በጠቅላላው ግን 150 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል። ካክተስ ውሃ እንዳይተንበት የሚተነፍስባቸውን ቀዳዳዎች ቀን ዘግቶ ሌሊት ስለሚከፍት፣ ዕድገቱን በቁጠባ የሚመራ ፍጥረት ነው።

እኔ 40 የሳዋሮ ዘር የዘራሁት የእኛ ሚሌኒየም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ መስከረም 2000 ዓ.ም. ላይ ነበር። 31 በቀሉ፤ በመጀመሪያው ዓመት በራሴ ጥፋት 17ቱን አጣሁ፤ ዛሬ 9 ቀርተውኛል። በማሰሮ ውስጥ ውሃና ሙቀት ስለማይጓደልባቸው ከበረሃ እኩዮቻቸው ቀድመዋል፣ ትልቁ አንድ ስንዝር ተኩል ደርሷል። ክንድ ሲያወጡ እንደማላይ አውቃለሁ፤ ለማንም ቃል የገባሁት ነገርም የለም። የዘራኋቸው ቡቃያ ማየት ስለምወድ ነው፣ ቡቃያውን ደግሞ በስምንተኛው ቀን አይቻለሁ።

ሁለተኛው ስሕተት ስምንተኛው ሺ ገና አሁን የገባ ወይም ሊገባ በር ላይ የቆመ ነገር ነው ብሎ ማሰብ ነው። የሃይማኖቱን ትምህርት ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ፤ ስሌቱን ግን ማንም ሰው በጣቱ ሊሠራው ይችላል። በየዓመቱ መስከረም ላይ በባሕረ ሐሳብ ዘመኑ ሲታወጅ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለው 5,500 ዓመት በዓመተ ምሕረቱ ላይ ይደመራል፤ ስለዚህ 2018 ዓ.ም. ማለት 7,518 ዓመተ ዓለም ማለት ነው። ሰባተኛው ሺ የሞላው በ1500 ዓ.ም.፣ ዐፄ ልብነ ድንግል ዙፋን ላይ በወጡበት ሰሞን ነበር። ስምንተኛው ሺ ከገባ ከ500 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ እንደ ቆጠራው ከሆነም እስከ 2500 ዓ.ም. ይዘልቃል። የጎንደር ግንቦች የታነጹት በስምንተኛው ሺ ነው፤ በለስ ወደ ትግራይ የገባውም በስምንተኛው ሺ ነው። ዘመኑ በገባበት ክረምት የሳዋሮ አገር በሆነው በሶኖራ በረሃ አንድ ሳዋሮ በቅሎ ቢሆን ኖሮ፣ እሱ ዕድሜውን ጨርሶ፣ ልጁም ጨርሶ፣ የልጅ ልጁ ዛሬ አርጅቶ እናገኘው ነበር።

ይህን ስናገር ደግሞ ሌላ ቀን ይመዘዝልኛል። የጥንት የመካከለኛው አሜሪካ ሕዝብ የሆኑት የማያዎች የዘመን ቆጠራ ያልቅበታል፣ ዓለምም አብራ ታልቃለች የተባለው ታኅሣሥ 12 ቀን 2005 ዓ.ም. ሲደርስ ሳዋሮዎቼ አምስት ዓመታቸው ነበር፣ አውራ ጣቴንም አያክሉም፤ በዚያ ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ውሃ ረጨሁባቸው። ዓመታት አለፉና በ2012 ዓ.ም. የአንበጣ መንጋውና ኮሮናው ሲደራረቡ፣ ማያዎቹ የቆጠሩት በእኛ አቆጣጠር ነው የሚል ቀልድ መጣ፤ ቀልዱን አምነው የተጨነቁ ሰዎችም አይቻለሁ። በዚያው ሰሞን በደረጃ ላይ ያገኘችኝ አንዲት ጎረቤቴ «ጋሼ፣ ዓለም ሊያልቅ እርስዎ ፌስታል ውስጥ አፈር ይቋጥራሉ?» ብላ ስታዝንልኝ ቆየች፤ በሳምንቱ ግን አንድ ኩንታል ጤፍ አስፈጭታ ስታስገባ ተሸካሚውን ያገዝኩት እኔ ነበርኩ። ከልቡ ዓለም ሊያልቅ ነው ብሎ የሚያምን ሰው አንድ ኩንታል ለምን ይገዛል?

ጥፋትን መተንበይ የእኛ ሰው ብቻ አመል እንዳይመስላችሁ፣ የሳዋሮን ታሪክ ራሱን ላንሣ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ በአሪዞና ቱሳን ከተማ አጠገብ ባለው ጥብቅ ስፍራ ትልልቆቹ ሳዋሮዎች እየበሰበሱ ይወድቁ ጀመር፤ በሥራቸውም ቡቃያ አልነበረም። ተመራማሪዎች ባክቴሪያ የሚያመጣው በሽታ ነው ብለው የታመሙትን ቆርጠው ቀበሩ፤ በሽታው ግን አልቆመም፣ የስፍራው ሳዋሮዎች ምዕተ ዓመቱ ሳያልቅ ጨርሰው እንደሚጠፉም ተተነበየ። አሁን እዚያ የሚሄድ ሰው የሚያየው ወጣት ሳዋሮ ነው። የኋላ ኋላ እንደታወቀው ያረጁትን የጣላቸው በዋናነት ጠንካራ ውርጭ ነበር፤ ቡቃያ የጠፋው ደግሞ ከብት መሬቱን ስለረገጠውና ሕፃኑን ሳዋሮ ከፀሐይና ከውርጭ የሚጋርዱት ዛፎች ለማገዶ ስለተቆረጡ ነበር። ከብቱ ሲወጣና እንጨት መቁረጡ ሲቆም ቡቃያው ተመለሰ። ሕፃኑን ሳዋሮ ከሚጋርዱት ከእነዚያ ዛፎች አንዱ በአፋር ግጦሹን የወረረብን የፕሮሶፒስ ወገን ነው፤ እዚህ እንደ ጠላት የምንነቅለው ተክል ዘመዱ እዚያ የሳዋሮ ሞግዚት ነው።

ካክተስ ምንም ስጋት የለበትም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ 1,480 የሚጠጉ ዝርያዎች ተገምግመው 31 በመቶው የመጥፋት አደጋ ላይ መሆናቸው ታውቋል፤ ምክንያቱም የሰማይ ምልክት ሳይሆን እርሻ፣ ግንባታና ከዱር እየነቀለ የሚሸጥ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የበጋ ወራት የአሪዞናዋ ፊኒክስ ከተማ ለ31 ተከታታይ ቀናት ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ስትግል፣ ሌሊቱም አልቀዘቅዝ ስላለ፣ ሌሊት የሚተነፍሱት ሳዋሮዎች ክንዳቸውን እየጣሉ ወድቀዋል። በትግራይም ለቀይ ቀለም ምርት ተብሎ የገባችው ኮቺኒል የምትባል ነፍሳት ከቁጥጥር ወጥታ የገበሬውን በለስ በሰፊው አጥፍታለች። እነዚህ ሁሉ ምክንያታቸው የሚታወቅ፣ ሊከላከሉት የሚቻል ጉዳት ናቸው፤ «ስምንተኛው ሺ ነው» ብሎ መተንፈስ ግን ጥፋተኛውን በነጻ ማሰናበት ነው። በየአትክልቱ ስፍራ የሚታየው ባለ ወርቃማ እሾህ ክብ ካክተስ በትውልድ አገሩ ሜክሲኮ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ግድብ ሲሠራበት ብዙ መኖሪያውን ውሃ ዋጠበት፤ ዛሬ በዱር የቀረው ጥቂት ሲሆን በዓለም ዙሪያ በማሰሮ የሚኖረው ግን ከዘር የበቀለ ብዙ ሺህ ነው።

ስለ ዘር ካነሣሁ፣ ቡቃያ የሚፈጀውን ስሕተት ሳላርም አልተውም፤ እሱም «ካክተስ ውሃ አይወድም» የሚለው ነው። ለትልቁ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ለቡቃያው ግን የሞት ፍርድ ነው። ከላይ ያልኳቸውን 17 ሳዋሮዎች የገደልኩት በዚህ እምነት ነው፤ አፈሩ እንዲደርቅ ለአራት ቀን ተውኳቸውና ስመለስ የደረቀ ምስር መስለው ጠበቁኝ።

መዝራት ለምትፈልጉ አሠራሩ እንዲህ ነው። ግማሽ በግማሽ የተነፋ ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ የግንባታ ሰዎች ሬድ አሽ የሚሉትን፣ ከደቃቅ ብስባሽ ጋር ደባልቁ። ድብልቁን ለአንድ ሰዓት በእንፋሎት ቀቅሉት፤ ይህን ዘልሎ በኋላ ሻጋታ በላብኝ ብሎ የሚደውልልኝን ሰው ማጽናናት ሰልችቶኛል። ሲቀዘቅዝ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አርጥቡትና የጎመን ዘር የሚያክለውን የሳዋሮ ዘር ከላይ በትኑት፤ ብርሃን ካላገኘ ስለማይበቅል አፈር አታልብሱት። ማሰሮውን ግልጽ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስገብታችሁ አፉን ግጥም አድርጋችሁ እሰሩ፤ ቀጥተኛ ፀሐይ በማይመታው ብሩህ መስኮት ላይ፣ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ሙቀት አስቀምጡ። በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ አረንጓዴ ነጥቦች ታያላችሁ። ከዚያ በኋላ ለሦስትና ለአራት ወር አትንኩት፤ እየከፈተ የሚያሸት ሰው ሻጋታውን የሚያስገባው ራሱ ነው። ቡቃያው ወደ ቀይ ቡናማ ከዞረ ፀሐዩ በዝቶበታል፤ እንደ ክር ከተሳበ ብርሃን አንሶታል። ከረጢቱን የምትከፍቱት ቀስ በቀስ፣ በሳምንት ጥቂት በጥቂት ነው፤ ውሃም ከታች በሳህን ይጠጣ። ማሰሮው ላይ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ሲያንዣብቡ ካያችሁ አትናቋቸው፤ ትሎቻቸው የቡቃያውን ሥር ይበላሉ።

ከእኔ ዘንድ ችግኝ የምትወስዱ ሰዎች አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። አፈሩ ላይ የሰካኋትን፣ የዝርያው ስምና የተዘራበት ቀን ያለባትን ምልክት አትንቀሏት፣ ቀለሙ ሲደበዝዝም በእርሳስ አድሱት፤ እርሳስ ፀሐይ አያጠፋውም። ከአሥር ዓመት በኋላ ስሙን የሚያስታውስ ሰው የለም፤ የእኔም ስልክ ያን ጊዜ ላይነሣ ይችላል።