የሆቴል ዋይፋይ፦ የሚባለውና እውነታው

ሆቴል ገብተን የክፍሉን ቁልፍ እንደተቀበልን ቀጥለን የምንጠይቀው የዋይፋዩን ፓስወርድ ነው። ሻንጣው ሳይፈታ ስልኩ ኮኔክት ተደርጎ ያድራል። ስለ ሆቴል ዋይፋይ ስናወራ ግን ወይ «ምንም አይልም» እንላለን፣ ወይ «ከነካኸው አለቀልህ»። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ዋናው አደጋ ደግሞ ብዙዎቻችን ከምንጠብቀው ቦታ አይመጣም።

«ፓስወርድ ስላለው አስተማማኝ ነው»

ፓስወርዱን የምታውቁት እናንተ ብቻ አይደላችሁም። የጎን ክፍሉ እንግዳ ያውቀዋል። ባለፈው ወር ያደረውም፣ ሎቢ ተቀምጦ ሰው ሲጠብቅ የነበረውም ያውቀዋል። ደብልዩ ፒ ኤ 2 የሚባለው የዋይፋይ ጥበቃ ሁሉም ሰው በአንድ ፓስወርድ ሲገባ ክፍተት አለው። ፓስወርዱን የሚያውቅ ሰው ስልካችሁ ዋይፋዩን ከሚያሰራጨው መሣሪያ (ከራውተሩ) ጋር መጀመሪያ ሲገናኝ የሚለዋወጡትን ካጠመደ፣ ከዚያ በኋላ በአየር ላይ የሚያልፈውን መፍታት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው ደብልዩ ፒ ኤ 3 ይህን ቢያሻሽልም፣ በየቦታው ያሉት ራውተሮች ሁሉ አልተቀየሩም።

የክፍል ቁጥርና የቤተሰብ ስም የሚጠይቀው ገጽስ? እሱ ማን እንደገባ ለማወቅ ነው እንጂ መረጃችሁን ለመቆለፍ አይደለም። ብዙ ጊዜ ከኋላው ያለው ኔትወርክ ጭራሽ ክፍት ነው።

«እንግዲያው የምጽፈውን ሁሉ እያነበቡት ነው»

ይህ ፍርሃት ድሮ እውነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ፋየርሺፕ የሚባል ብሮውዘር ላይ የሚጨመር ፕሮግራም ወጥቶ ነበር። ክፍት ዋይፋይ ላይ ያለ ማንም ሰው በአንድ ክሊክ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው የፌስቡክ አካውንት ውስጥ ይገባበት ነበር። ያኔ ብዙ ድረ ገጾች ፓስወርድ የምታስገቡበትን ገጽ ብቻ ቆልፈው የቀረውን ክፍት ይተዉት ስለነበር ነው። ዛሬ አብዛኞቹ ድረ ገጾችና የባንክ አፖች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በምስጠራ፣ ማለትም የሚላከውን ሌላ ሰው እንዳያነበው ቆልፈው ነው የሚሠሩት። የጎን ክፍሉ ሰው የትኛውን ድረ ገጽ እንደከፈታችሁ ሊያይ ይችል ይሆናል፤ እዚያ የጻፋችሁትን ግን አያነብም።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ብሮውዘሩ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም ብሎ ካስጠነቀቃችሁ «ቀጥል» የሚለውን አትጫኑ። ያ ማስጠንቀቂያ መሃል የገባ ሰው ሊኖር እንደሚችል የሚነግራችሁ ነው።

«ትልቅ ሆቴል ነው፣ እዚህ ምንም አይደርስብኝም»

በዚህኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። ካስፐርስኪ የተባለ የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 ዳርክሆቴል ብሎ የሰየመውን ጥቃት ይፋ አደረገ። የተጠቁት በእስያ የቅንጦት ሆቴሎች ያረፉ የኩባንያ ኃላፊዎች ነበሩ። እንግዳው ዋይፋዩ ላይ የክፍል ቁጥሩንና ስሙን አስገብቶ ሲገባ፣ የታወቀ ሶፍትዌር አፕዴት እንዲያደርግ የሚጠይቅ መስኮት ብቅ ይልለታል፤ ለምሳሌ ያኔ ብሮውዘር ላይ ቪዲዮ ያጫውት የነበረውን ፍላሽን። እሺ ሲል የሚጫነው ግን የስለላ ፕሮግራም ነው። አጥቂዎቹ ሥራቸውን ሲጨርሱ አሻራቸውን ከሆቴሉ ኔትወርክ ላይ ያጠፉ ነበር።

ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ማንም የዋይፋዩን ምስጠራ መስበር አላስፈለገውም። እንግዳው ራሱ ነው በሩን የከፈተው። ለእኔ የሆቴል ዋይፋይ ዋና አደጋ ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ሳይላንስ የተባለ የደኅንነት ኩባንያ ብዙ ሆቴሎች እንግዶችን ከኢንተርኔት ጋር ለማገናኘት የሚጠቀሙበት አንድ መሣሪያ ላይ ከባድ ክፍተት አገኘ። በ29 አገሮች 277 መሣሪያዎች ከየትም ሆኖ ለሚገባባቸው ሰው ተጋልጠው ነበር። ኮከቡ የሚናገረው ስለ ክፍሉና ስለ መስተንግዶው ነው። ስለ ኔትወርኩ ምንም አይነግራችሁም። ሆቴሉ ራሱም መጠቃቱን ላያውቅ ይችላል።

ስለዚህ አፕዴቱን ከመንገድ በፊት ቤታችሁ ጨርሱት። ሆቴል ውስጥ ዋይፋዩ ላይ ስትገቡ ብቅ የሚል አፕዴት ካለ ዝጉት።

«ስሙ የሆቴሉ ከሆነ ዋይፋዩም የሆቴሉ ነው»

የዋይፋይ ስም ማንም እንደፈለገ ይጽፈዋል። አንድ ሰው ላፕቶፑን ከፍቶ የሆቴሉን ስም ቢሰጠው ሁለቱ ስልካችሁ ላይ አንድ ይመስላሉ። ሐሰተኛው ገጽ «ለመግባት የኢሜይል ፓስወርድዎን ያስገቡ» ካለ ወጥመዱ እሱ ነው። ሆቴል የኢሜይላችሁን ፓስወርድ የሚጠይቅበት ምንም ምክንያት የለውም። ትክክለኛውን ስም ሪሴፕሽን ላይ ጠይቁ። የሚመሳሰል ስም ያላቸው ሁለት ኔትወርኮች ካያችሁ፣ ለገንዘብ ጉዳይ የስልካችሁን ዳታ ተጠቀሙ።

«የቁልፍ ምልክት ካለ ድረ ገጹ እውነተኛ ነው»

በአንዳንድ ብሮውዘሮች ከድረ ገጹ አድራሻ ጎን የሚታየው የቁልፍ ምልክት የሚለው መንገዱ ዝግ ነው ብቻ ነው። መንገዱ ጫፍ ላይ ማን እንዳለ አይናገርም፤ አጭበርባሪም ቁልፍ ያለው ድረ ገጽ ይከፍታል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2023 ምልክቱን ክሮም ከሚባለው ብሮውዘሩ ያነሳው ሰው በዚህ ስለሚሳሳት ነው። አድራሻውን ፊደል በፊደል እዩት።

«ቪፒኤን ከከፈትኩ አለቀ»

ቪፒኤን ግንኙነታችሁን ቆልፎ በሌላ ድርጅት በኩል የሚያሳልፍ አገልግሎት ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ እኔም እጠቀማለሁ። የምታደርጉትን ከሆቴሉና ከጎረቤት ይሰውራል። ግን እምነታችሁን ከሆቴሉ አንስታችሁ ለቪፒኤን ድርጅቱ ነው የሰጣችሁት፤ ስለዚህ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ነጻ ቪፒኤን አልመክርም። ሐሰተኛ ገጽ ላይ በገዛ እጃችሁ የጻፋችሁትን ፓስወርድም አያድንላችሁም።

ኢንኮግኒቶ የሚባለው የብሮውዘር የግል መስኮትማ ከዚህ ጋር ጭራሽ አይገናኝም። የከፈታችኋቸውን ገጾች ከራሳችሁ መሣሪያ ላይ ያጠፋል እንጂ ከኔትወርኩ አይደብቃችሁም።

«እኔን ማን ይፈልገኛል?»

ዳርክሆቴል ትልልቅ ሰዎችን መርጦ ነበር። ሐሰተኛ ዋይፋይ የሚከፍት ሌባ ግን አይመርጥም፤ የገባለትን ይወስዳል። ኢሜይላችሁ ከተያዘ ደግሞ የሌሎቹን አካውንቶች ፓስወርድ መቀየሪያ ሊንክ የሚደርሰው እዚያው ነው። ኢሜይላችሁ ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ፤ ከፓስወርዱ ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ፣ ለምሳሌ ስልካችሁ ላይ የሚመጣ ኮድ፣ የሚጠይቅ ማለት ነው። ፓስወርዱ ቢሰረቅ እንኳ ሌባው ሁለተኛውን ደረጃ ማለፍ ይቀረዋል።

«ሆቴሉን ስለቅ ጉዳዩ ያበቃል»

አያበቃም። ስልካችሁ የዋይፋዩን ስም ያስታውሳል። ኔትወርኩ ፓስወርድ የሌለው ከነበረ፣ ነገ ሌላ ቦታ ያንኑ ስም የያዘ ዋይፋይ ሲያገኝ ሳይጠይቃችሁ ሊገናኝ ይችላል። የክፍሉን ቁልፍ ከመመለሳችሁ በፊት ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ኔትወርኩን ከዝርዝሩ አጥፉት። አሁንም ስልካችሁን ከፍታችሁ እዩ፤ የዛሬ ሁለት ዓመት ያደራችሁበት ሆቴል ስም እዚያው ሊሆን ይችላል።