የመጨረሻ ዕትም መኪና ምንድን ነው?

አንድ ፋብሪካ የአንድን ሞዴል ምርት ለማቆም ሲቃረብ፣ ቁጥራቸውን አስቀድሞ ወስኖ፣ ለየት ያለ ቀለምና ምልክት ሰጥቶ የሚያወጣቸው ጥቂት መኪናዎች «የመጨረሻ ዕትም» ይባላሉ። የመጨረሻ ዕትም መሆንና በመጨረሻ መመረት ግን አንድ አይደሉም። መኪናን የመጨረሻ ዕትም የሚያደርገው የተሠራበት ቀን ሳይሆን ፋብሪካው ራሱ ያንን ስም ሰጥቶ በመዝገቡ ላይ ማስፈሩ ነው፤ ስለዚህ በዚያው ሰሞን የተመረተ ተራ መኪና በዚህ ስም ሊጠራ አይችልም። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከከለከለ ወዲህ፣ በሰሜን ሸዋ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከኤሌክትሪክ መኪና ወሬ ሊርቅ አይችልምና፣ ነገሩን ከነምክንያቱ ማወቁ ይጠቅመዋል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ቴስላ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው ሮድስተር የተባለ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ይህ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ የስፖርት መኪና እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2012 ለገበያ ቀርቦ በአጠቃላይ 2,450 ገደማ ተሽጧል። 6,831 ትንንሽ የሊቲየም አዮን ሴሎች ተሰድረው የሚሠሩት ባትሪው 53 ኪሎዋት ሰዓት ይይዝ ነበር፤ በአሜሪካ መንግሥት ልኬት መሠረት አንድ ጊዜ ቻርጅ ተደርጎ 393 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 97 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ለመድረስም 4 ሰከንድ አይፈጅበትም። በወረቀት ላይ ባለው ልኬት ብቻ ከሄድን፣ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ደርሶ ለመመለስ ይበቃል ማለት ነው፤ ዳገቱና የደብረ ብርሃን ብርድ ከባትሪው የሚቀንሱት ግን በዚያ ልኬት ውስጥ አልገባም። በዚያ ዘመን የኤሌክትሪክ መኪና ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ዘገምተኛና አጭር መንገድ የሚሄድ ነገር ነበርና፣ ይህን አስተሳሰብ በመለወጥ ረገድ ሮድስተር የሠራው ሥራ ከተሸጠበት ቁጥር እጅግ ይበልጣል።

ታዲያ እንዲህ ያለ መኪና ለምን ቆመ? ቴስላ ሮድስተርን ከመሠረቱ ራሱ አልሠራውም። ሞተርና ባትሪ የሌለውን የመኪናውን አካል እንግሊዝ አገር የሚገኘው ሎተስ የተባለ የመኪና ኩባንያ፣ ኤሊዝ በተባለው የራሱ ሞዴል ላይ ተመሥርቶ፣ ያዘጋጅለት ነበር፤ የሁለቱ ኩባንያዎች ውልም በቁጥርና በጊዜ የተገደበ ነበር። የመንዝ ሸማኔ የበርኖሱን ድርና ማግ ከአንዲት ፈታይ ሴት እየተቀበለ ይሠራል እንበል፤ ፈታይቱ ሥራውን ከተወች ሸማኔው እጁ ላይ በቀረው ልቃቂት ልክ ብቻ ይሠራል፣ ስንት በርኖስ እንደሚቀረውም አስቀድሞ ያውቃል። ቴስላም የሎተስ አቅርቦት የሚያበቃበትን ጊዜ ያውቅ ስለነበር የምርቱን መዝጊያ አቅዶ መጠበቅ ችሏል። በአሜሪካ በኩል ደግሞ የኤር ባግ (በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ሰውን የሚከላከል ከረጢት) ደንብን በሚመለከት ለመኪናው ተሰጥቶት የነበረው ልዩ ፈቃድ ማብቃቱ ተጨመረበት። ኩባንያው ራሱም በዚያን ጊዜ ሙሉ አቅሙን ሞዴል ኤስ ወደተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ለደንበኞች ማስረከብ ወደጀመረው የቤተሰብ መኪና እያዞረ ነበር።

በዚህ መዝጊያ ላይ ነው 15 የመጨረሻ ዕትም ሮድስተሮች ተሠርተው ለሰሜን አሜሪካ፣ ለአውሮፓና ለእስያ ገበያዎች የተከፋፈሉት። ቀለማቸው ደማቅ ቀይ ሆኖ ኮፈኖውና የኋላው ክዳን ላይ ጠቆር ያለ ብርማ ሁለት መስመር ተሰምሮበታል፤ ቸርኬውም በዚሁ ጠቆር ባለ ቀለም የተሠራ ነው። መታወቂያቸው ይህ መልክና ቁጥራቸው ነው። የመጨረሻ ዕትም ሁሉ ከተራው የበለጠ ሞተር ወይም ባትሪ ያለው የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ገዢው ተጨማሪ ዋጋ የሚከፍለው ለብርቅነቱ ነው። ቢኤምደብሊውም በቤንዚንና በኤሌክትሪክ የሚሠራውን አይ8 የተባለ የስፖርት መኪናውን እ.ኤ.አ. በ2020 ሲያቆም፣ ግራጫ ቀለም ላይ የመዳብ መልክ ያለው ጌጥ የተደረገባቸው 200 መኪናዎች በተመሳሳይ መንገድ አውጥቷል።

ብርቅነቱ ዋጋ የለውም እያልሁ አይደለም። አንድ ሞዴል ዘመን የለወጠ ከሆነ የመዝጊያው ዕትም የታሪክ ቅርስ ነው፤ ሮድስተር ደግሞ በእኔ አስተያየት ያለ ጥርጥር ከእነዚህ አንዱ ነው። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መኪናን ቅርስ አድርጎ ማስቀመጥ የነዳጅ መኪናን ሸፍኖ ከማስቀመጥ ይለያል። ቆሞ እያለም ቢሆን ባትሪው ቀስ በቀስ ይጎድላል፤ ሮድስተርን ያለ ቻርጅ ለረጅም ጊዜ አቁመው ባትሪው ፈጽሞ እስኪሟጠጥ የተዉ ባለቤቶች ዳግመኛ የማይሞላ ባትሪ እንደገጠማቸው እ.ኤ.አ. በ2012 በሰፊው ተነግሮ ነበር። ሳይነዳ ተጠብቆ የቆየ መሆኑ ለቀለሙና ለጎማው መልካም ሊሆን ይችላል፤ ለባትሪው ግን ቻርጅ ላይ ሆኖ እንደቆየ ማስረጃ ካልቀረበ በቀር መልካም ነው ለማለት አይቻልም።

ከዕትሙ ስም ይልቅ ገዢን ሊያሳስበው የሚገባው የምርቱ መቆም ነው፤ ይህም በ15ቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በ2,450ዎቹ ሁሉ ላይ እኩል ይደርሳል። ምርት ሲቆም መለዋወጫ የሚያወጣው መስመርም እየተዘጋ ይሄዳል። በነዳጅ መኪና ላይ ጎበዝ መካኒክ ከሌላ ሞዴል አመሳስሎ ሊገጥም የሚችለው ዕቃ ብዙ ነው፤ በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ግን ባትሪውን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር የማያውቀውን የባትሪ ዕቃ ብዙውን ጊዜ አይቀበልም። ስለዚህ ምርቱ የቆመ ማንኛውም የኤሌክትሪክ መኪና፣ ስፖርትም ሆነ የቤተሰብ፣ ደብረ ብርሃን ወይም ሸዋ ሮቢት ላይ ለሽያጭ ቢቀርብ፣ ስለ ቀለሙና ስለ ቁጥሩ ከመጠየቅ በፊት ባትሪው አሁን የሚይዘው አቅም ምን ያህል እንደሆነ በመሣሪያ ማስለካት፣ ፋብሪካው ለዚያ ሞዴል ባትሪና ሶፍትዌር ማቅረቡን መቀጠሉን ማረጋገጥና መመርመሪያ መሣሪያው በአገር ውስጥ በማን እጅ እንዳለ ማወቅ ይገባል።

በዚህ ረገድ የሮድስተር ባለቤቶች ከብዙዎች የተሻለ ዕድል ገጥሟቸዋል። ቴስላ ምርቱን ካቆመ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014፣ ሮድስተር 3.0 ብሎ የሰየመውን፣ ለአሮጌዎቹ መኪናዎች የሚገጠምና 70 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የሚይዝ አዲስ ባትሪ አስተዋውቋል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ የመኪናውን የንድፍና የጥገና ሰነዶች ማንም ባለሙያ አንብቦ እንዲሠራባቸው በይፋ ለቋል።