«ለመጋረጃ 21 ሚሊዮን ዶላር?» ስለ ሴንትራል ፓርክ በሮች የሚባለውና እውነታው

በፌብሩዋሪ 2005 ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ 7,503 በሮች ቆመው ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው)። በር ስል መዝጊያ ያለው በር አይደለም። ሁለት ቋሚና ከላይ አንድ አግዳሚ ነው፤ ከአግዳሚው ላይ ቀለሙ በእርድና በብርቱካን መሃል የሆነ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ነፋስ ያወዛውዘዋል። በእግረኛ መንገዶቹ ላይ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ተደርድረዋል። የሠሩት ክሪስቶና ባለቤቱ ዣን ክሎድ ናቸው። ለ16 ቀን ብቻ ቆይቶ ተነሣ። ወጪው፣ አርቲስቶቹ ራሳቸው እንደተናገሩት፣ 21 ሚሊዮን ዶላር።

ያኔ አንዱ «እንዲህ ያለ ውበት አላየሁም» ሲል ሌላው የሻወር መጋረጃ ብሎ አጣጣለው። እስከ ዛሬም ትልቅና ውድ የአደባባይ ጥበብ በተነሣ ቁጥር እነዚያው አባባሎች ይመለሳሉ። ንዴቱን አልንቀውም። ግን ብዙው ያልሆነ ነገር ላይ የቆመ ስለሆነ አንድ በአንድ እንየው።

«የሕዝብ ገንዘብ ነው የባከነው»

በጣም የሚደጋገመው ይሄ ነው፣ ስህተቱም እዚህ ነው። ገንዘቡን ያወጡት ባልና ሚስቱ ናቸው። ከመንግሥት ድጎማ አይወስዱም፣ ስፖንሰርም አይቀበሉም ነበር። ክሪስቶ ለእያንዳንዱ ሥራ በእጁ የሚሠራቸውን ንድፎችና ኮላጆች (ከቁርጥራጭ ተለጣጥፈው የሚሠሩ ሥዕሎች)፣ ከዚያም በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የሠራቸውን የድሮ ሥራዎች ለሰብሳቢዎችና ለሙዚየሞች ይሸጡና ገንዘቡን መልሰው ሥራው ላይ ያፈሱት ነበር። ፓርኩን ስለተጠቀሙ ደግሞ ለከተማው 3 ሚሊዮን ዶላር ሰጥተዋል። በሮቹን የተከሉት ሠራተኞችም ደመወዝ ተከፍሏቸዋል።

«እሺ የራሳቸው ይሁን፣ ለድሃ ቢሰጡት አይሻልም ነበር?» የሚልም አለ። ጥያቄው ከልብ ከሆነ አከብረዋለሁ። ግን በዚያው ገንዘብ ጀልባ ገዝቶ ወደብ ላይ የሚያቆመውን ሰው ማን እንዲህ ብሎ ይጠይቀዋል? እነዚህ ሰዎች ገንዘባቸውን ማንም ያለ ቲኬት ገብቶ በሚያየው ነገር ላይ አወጡት።

ከተማው በበኩሉ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰው እንደጎበኘው፣ 254 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን የገበያ እንቅስቃሴ እንደፈጠረም ገምቷል። እኔ ይሄን ቁጥር እንደ ዋና መከራከሪያ ማንሣት አልወድም። የሆቴል አልጋ ባይሞላስ ኖሮ ሥራው ዋጋ አይኖረውም ነበር ማለት ነው?

«ከንቲባው ተስማማ፣ በአንድ ሌሊት ተተከለ»

ሐሳቡ የቀረበው በ1979 ነው። በ1981 የከተማው የፓርኮች መሥሪያ ቤት አይሆንም አለ። ፈቃዱ የተገኘው በ2003፣ ማይክል ብሉምበርግ ከንቲባ ሆኖ ነው። ከመጀመሪያው ሐሳብ እስከ መጀመሪያው በር 26 ዓመት ማለት ነው።

እነዚያ ዓመታት ደግሞ ዝም ብለው አላለፉም። በመጀመሪያው ንድፍ መሬቱ ተቆፍሮ ነበር ምሰሶ የሚቆመው። ጊዜውም መከር ላይ፣ ዛፎቹ ቅጠል እያላቸው ነበር። ለፓርኩ የተቆረቆሩ ሰዎች ተቃወሙ፤ ትክክልም ነበሩ። በመጨረሻው ንድፍ አንድም ጉድጓድ አልተቆፈረም። በሮቹ የቆሙት መንገዱ ላይ በተቀመጡ ከባድ የብረት መሠረቶች ነው። የበሮቹ ቁጥር ተቀነሰ፣ ጊዜውም ወደ ፌብሩዋሪ ተዛወረ። እንደ እኔ በጣም ጥሩው ውሳኔ ይሄ ነው። ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን አራግፎ ግራጫ በሆነበት ወር ያ ቀለም ከሩቅ ይታያል። በመከር ቢሆን ኖሮ ከቅጠሉ ጋር ይምታታ ነበር። እና «አይሆንም» የተባለው ቃል ሥራውን አሻሻለው።

«የሚቃወም ሁሉ ጥበብ የማይገባው ነው»

ይሄኛው ከደጋፊዎች በኩል የሚመጣ ስህተት ነው፣ እኔን በጣም የሚያናድደኝም እሱ ነው። ስለ ደኅንነት መጠየቅ አላዋቂነት አይደለም። በ1991 ክሪስቶና ዣን ክሎድ በካሊፎርኒያና በጃፓን 3,100 ግዙፍ ጃንጥላዎች ተክለው ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኃይለኛ ነፋስ አንዱን ነቅሎ አንዲት ሴት ገደለ። ጃንጥላዎቹ ሲነሡ ደግሞ ጃፓን ውስጥ አንድ ሠራተኛ ኤሌክትሪክ ይዞት ሞተ። የሁለት ሰው ሕይወት ነው። ከዚያ በኋላ «ነፋስ ቢመጣስ?» ብሎ የጠየቀን ሰው ማንም ኋላ ቀር ሊለው አይገባም።

ሌላም ምሳሌ አለ፣ ያውም እዚያው ኒውዮርክ። በ1981 የፌዴራል መንግሥቱ 175,000 ዶላር ከፍሎ ቀራጺውን ሪቻርድ ሴራን ማንሃተን ውስጥ በመሥሪያ ቤቶች መሃል ያለ አደባባይ ላይ «ቲልትድ አርክ»ን አሠራ። ከ36 ሜትር በላይ ርዝመት፣ ከሰው ቁመት እጥፍ በላይ ከፍታ ያለው ዝገት የለበሰ የብረት ግድግዳ ነው። አደባባዩን ለሁለት ከፈለው። እዚህ ገንዘቡ በእርግጥም የሕዝብ ነበር፤ በየቀኑ እዚያ የሚያልፉት ሠራተኞች ግን ቀድሞ የጠየቃቸው አልነበረም። ቢቆጡ ምን ይገርማል?

ግን ይሄም ታሪክ ሰው እንደሚያወራው አይደለም። «ሕዝቡ አንድ ሆኖ አስነሣው» ይባላል። በ1985 በተጠራው የሕዝብ ስብሰባ ላይ ከተናገሩት 180 ሰዎች 122ቱ ይቆይ ነው ያሉት። ጉዳዩን የሰማው ቡድን ግን 4 ለ 1 ይነሣ ብሎ ወሰነ። በ1989 በሌሊት ቆራርጠው ወሰዱት። ቁጣው ይገባኛል፤ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ አጨራረሱ ነው።

በርሊን የተሻለ ነገር አይቻለሁ። ራይክስታግ የሚባለውን የፓርላማ ሕንጻ በጨርቅ የመጠቅለሉ የክሪስቶና የዣን ክሎድ ሐሳብ ከ1971 ጀምሮ ሲንከባለል ኖሮ በ1994 የጀርመን ፓርላማ ቁጭ ብሎ ተከራከረበት። ቻንስለር ሄልሙት ኮል ተቃወሙ። ድምፁ 292 ለ 223 ሆነ። የተሸነፈውም የተናገረው ተሰምቶለታል። በ1995 ሕንጻው ለሁለት ሳምንት ተጠቀለለ፣ 5 ሚሊዮን ሰው ሄዶ አየው።

«ለ16 ቀን ከሆነ ብክነት ነው»

የደመራን እንጨት ባከነ የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በዓልና የጥበብ ሥራ አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም። ግን አንድ ነገር በቶሎ ስለሚያልቅ ብቻ ከንቱ እንደማይሆን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። እንዲያውም ነገ የለም ማለት ነው ሰውን ዛሬ ከቤቱ የሚያወጣው። የበሮቹ ብረት፣ ፕላስቲክና ጨርቅ ደግሞ ሲነሣ ለድጋሚ አገልግሎት ነው የሄደው። ፓርኩ ወደነበረበት ተመለሰ።

«ትርጉም ካለው ይንገሩን»

አርቲስቶቹ ትርጉም አለው ብለው አያውቁም። ለደስታና ለውበት ነው የምንሠራው ነበር የሚሉት። አልወደድከውም? መብትህ ነው፤ በጎን እለፍ።

«የአንድ ሰው ክብር ፍለጋ ነው»

በመጀመሪያ አንድ ሰው አይደለም። የዣን ክሎድ ስም ለረጅም ጊዜ ተዘሎ ነበር፤ በ1994 ነው ከቤት ውጭ የተሠሩት ትልልቅ ሥራዎች የሁለቱም መሆናቸው በይፋ የተገለጸው። እሷ በ2009፣ እሱ በሜይ 2020 አረፉ። ፓሪስ የሚገኘውን ግዙፍ የድል ቅስት፣ አርክ ደ ትሪዮምፍን፣ በጨርቅ የመጠቅለል ሐሳብ ግን ክሪስቶ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአካባቢው ይኖር በነበረበት ጊዜ የጸነሰው ነው። በሴፕቴምበር 2021 ተፈጸመ፣ እሱ ሳያየው። 25,000 ካሬ ሜትር ብርማ ሰማያዊ ጨርቅና 3,000 ሜትር ቀይ ገመድ ተጠቀሙ። ወጪው 14 ሚሊዮን ዩሮ ነበር፣ የተሸፈነውም እንደ ድሮው ከሥራዎቹ ሽያጭ ነው። እዚያም «የሕዝብ ገንዘብ» የሚል አልጠፋም። ከቅስቱ ሥር ያልታወቀው ወታደር መቃብር አለ፤ የመታሰቢያው እሳት በየምሽቱ ይለኮሳል። በእነዚያ 16 ቀናትም፣ ጨርቁ ከላይ እያለ፣ አልተቋረጠም።