ከጉሮሮ ጨረር በኋላ፦ መብላትና መጠጣት በጎጃም ማጀት

የጉሮሮ ካንሰር ታማሚ ጨረሩን ጨርሶ ወደ ጎጃም ሲመለስ ቤተሰቡ «ተመስገን፣ አለቀ» ብሎ ይቀበለዋል። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ዶሮ ይታረዳል። ሰውየው ግን አንድ ጉርሻ ማውረድ ያቅተዋል። ቤተሰቡ ይደነግጣል፤ «በሽታው ተመለሰበት እንዴ?» ይባባላል። አብዛኛውን ጊዜ አልተመለሰም። የጨረር ቁስል የሚብሰው ወደ ሕክምናው ማብቂያና ካለቀም በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ሳምንታት ነው። ታማሚው አገሩ የሚገባው በክፉው ሰዓት ነው ማለት ነው።

ሕክምናው ራሱ ረጅም ነው። ብዙውን ጊዜ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ፣ ለ6 ወይም ለ7 ሳምንታት ይሰጣል። ጨረሩ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ቢሆንም ቀን መዝለል ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ከጎጃም እየተመላለሱ መታከም የማይታሰብ ነው። በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው፤ ለረጅም ዓመታትም ያለው እሱ ብቻ ነበር። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከቡሬ፣ ከእንጅባራ ወይም ከባሕር ዳር የሚነሣው ደግሞ ከዚያም በላይ ይጓዛል። ዘመድ ያለው ዘመድ ጋ ያርፋል፣ የሌለው ቤት ይከራያል።

ጨረሩ ካንሰሩን ሲገድል በዙሪያው ያለውን ጤነኛ ሥጋም ይለበልባል። የአፍና የጉሮሮ ውስጠኛ ሽፋን ቶሎ ቶሎ የሚታደስ ስለሆነ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ይቀላል፣ ቀጥሎ ይላጣል፣ ይቆስላል። የምራቅ ዕጢዎች ይደርቃሉ፤ የቀረችው ምራቅም እንደ ሙጫ ትወፍራለች። ምላስ ጣዕም አይለይም። ወጡም ወተቱም «አፈር አፈር ይለኛል» የሚል ታማሚ እያጋነነ አይደለም። ቁስሉ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወር እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ይደርቃል። ጣዕም ግን ወራት ይፈጅበታል። የአፍ ድርቀት ደግሞ ከሁሉም በላይ ይቆያል፤ ሙሉ ለሙሉ የማይለቃቸውም አሉ።

በርበሬ፣ አረቄና ፌጦ

መጀመሪያ ከቤት የሚወጣው በርበሬ ነው። ጎጃም ውስጥ ይህን መናገር ቀላል አይደለም። «ትንሽ ነው የነሰነስኩት» ይባላል። ለተላጠ ጉሮሮ ግን ትንሽ የሚባል በርበሬ የለም። ሚጥሚጣ፣ አዋዜና ሰናፍጭም ያው ናቸው። ሎሚ፣ ብርቱካንና ቲማቲም በኮምጣጣነታቸው ያቃጥላሉ። ቆሎና ድርቆሽ ይቧጭራሉ። ቡናም ሆነ ሾርባ ከእሳት እንደወረደ አይጠጣም፤ ለብ ይበል ወይም ይቀዝቅዝ።

ከዚህ የሚከፋው በደግነት የሚመጣው መድኃኒት ነው። ጉሮሮ የከረከረውን ሰው በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል የተዘፈዘፈ አረቄ ማጠጣት የቆየ ልማድ ነው። ፌጦም ለማንኛውም ሕመም ይታዘዛል። ሁለቱም ጨረር በነካው ጉሮሮ ላይ እሳት ናቸው። አልኮል ቁስሉን ከማባባሱ ሌላ ካንሰሩ የመመለሱን ዕድል ይጨምራል፤ ሲጋራም እንዲሁ። «እንጥሉ ወርዶበት ነው» ብሎ ወደ እንጥል ቆራጭ መውሰድ ወይም ጉሮሮውን ማሻሸትማ ጨርሶ የሚታሰብ አይደለም። ጨረር የነካው ሥጋ ሲቆረጥ በቀላሉ አይድንም።

አጥሚት፣ ተልባና ሌላውም

ደስ የሚለው፣ ለዚህ ሕመም የሚሆነው ምግብ አብዛኛው እዚያው ማጀት ውስጥ አለ። አጥሚት፣ እርጎ፣ አልጫ፣ ተልባ፣ ድንች፣ እንቁላል። ከውጭ አገር የሚመጣ የዱቄት ወተት ያገኘ ይጠቀም፤ ያላገኘ ግን ባዶ እጁን አይደለም።

በቁጥር እንየው። ከጨረር የሚያገግም ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 30 ኪሎ ካሎሪ ያህልና ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ወደ 1800 ኪሎ ካሎሪና ከ72 እስከ 90 ግራም ፕሮቲን ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ገደማ ይሰጣል። በውኃ ብቻ የተሠራ ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ ሰውነት አይተካም። ጥያቄው እንግዲህ አጥሚቱ ውስጥ ምን ገባ የሚለው ነው።

ደምበጫ አካባቢ የማውቀው አንድ ቤት አለ። ልጅቱ የአጃውን ዱቄት ሁለት ጊዜ ትነፋዋለች፤ ገለባ እንዳይቀር ነው። በውኃ ፈንታ በወተት ታፈላዋለች። ሲበስል የቀለጠ ቅቤ አንድ ማንኪያ፣ ከዚያ ማር ትጨምርበታለች። አንድ ማንኪያ ቅቤ ብቻውን 100 ኪሎ ካሎሪ ያህል አለው። በማጥለያ ታሳልፈውና ለብ እስኪል ትተወዋለች። አባቷ ስኒውን ሲያዩ «እኔንም አራስ አደረግሽኝ» ይሏታል። «አባየ፣ ሁለቴ ብቻ ፉት በሉ» ትላለች። ሁለቴ ፉት ይላሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሌላ ስኒ ይዛ ትመጣለች። በቀን ስምንት ጊዜ ያህል እንዲህ ይውላሉ። አንድ ትልቅ ሳህን ቢቀርብላቸው ኖሮ ገና ሲያዩት ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

ተልባን ብቻዋን ላንሣት። ታምሳ፣ ተወቅጣ፣ በውኃ ተበጥብጣ፣ ከዚያ በደንብ ተጠልላ የምትጠጣ ተልባ ልስልስ ናት፤ የደረቀ ጉሮሮን ታረጥባለች። ውጭ አገር ከተልባ የተዘጋጀ የአፍ ማርጠቢያ ለአፍ ድርቀት ይሸጣል። የእኛ እናቶች ፋርማሲ ሳይሄዱ የሚያውቁት ነገር ነው። ሕመም ማስታገሻ የሚያመጣውን የሆድ ድርቀትም ታቀላለች። ማጥለሉ ግን አይዘለል፤ ገለባው ቁስል ላይ ከተጣበቀ ቀኑን ሙሉ ያስለቅሳል።

ማርም ቢሆን የአያቶች ወሬ ብቻ አይደለም። የአንገትና የአፍ ጨረር ለሚወስዱ ሰዎች የአፍ ቁስለትን ለመከላከል ይረዳል የሚል መጠነኛ ማስረጃ አለ። ያልፈላ ብርዝ ጥሩ ነው። ጠጅ ሲሆን ጨዋታው ይለወጣል። ማር ከተወሰደ በኋላም አፍን መጉመጥመጥ ያስፈልጋል፤ ምራቅ የሌለው ጥርስ በስኳር ቶሎ ይበላሻል።

ቁስሉ እየዳነ ሲሄድ እንጀራ ይመለሳል። ብዙ ያልኮመጠጠ አፍለኛ እንጀራ ይሻላል። በአልጫ ሽሮ ወይም በክክ አልጫ እርጥብ ተደርጎ ይፈተፈታል። ፍርፍሩ ይቆይ። የእንጅባራ ድንች ተቀቅሎ፣ ተልሞ፣ ቅቤና ወተት ይጨመርበታል። ከባሕር ዳር አካባቢ ላለ ሰው የጣና ዓሣ ሾርባ ትልቅ ነገር ነው፤ አጥንቱን ግን ጤነኛ ዓይን ይልቀመው። ከቆጋ መስኖ የሚወጣው አቮካዶም ለስላሳና ስብ የበዛበት ስለሆነ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ወተት ይፈላ። ጥሬ ሥጋ ለሌላ ዓመት ይቀመጥ።

ጉርሻና ትን

ጨረር ካለፈ በኋላ የመዋጥ ጡንቻዎች ይደነድናሉ፣ ይዘገያሉ። ምግቡ ወይም ውኃው በጉሮሮ ፈንታ በአየር ቧንቧ ይገባል። ትን ይላል። ደጋግሞ ትን ሲል የገባው ነገር ሳንባ ውስጥ ቀርቶ የሳንባ ምች ያመጣል። የሚገርመው፣ ለአንዳንዱ ታማሚ አስቸጋሪው ጠጣሩ ሳይሆን ቀጭኑ ውኃ ነው። ውኃ ይፈጥናል፤ ወፈር ያለ አጥሚት ቀስ ይላል። ለማን የትኛው እንደሚስማማው ሐኪም ሲውጥ አይቶ ቢወስን ይመረጣል።

ጉርሻ እዚህ ላይ ችግር ነው። የሚያጎርሰው ሰው ፍቅሩን በመጠን ያሳያል። የሚጎርሰው ደግሞ እምቢ ማለት ነውር ይሆንበታል። ለዚህ ታማሚ የሚበጀው የሻይ ማንኪያ ነው። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ አገጭን ትንሽ ወደ ደረት ዝቅ አድርጎ፣ አንዱን ሳይውጡ ሌላውን ሳይጨምሩ። ሲበሉ ወሬ የለም። ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል አለመተኛት ነው። በአንድ መሶብ ዙሪያ ከሌሎች እኩል ለመጉረስ መሯሯጥ አደጋ ስላለው ምግቡ ለብቻ ቢቀርብለት ማንም አይቀየም። ብቻውን ሌላ ክፍል አይቀመጥ እንጂ።

ቱቦ የሚገባላቸውም አሉ፤ በአፍንጫ ወይም በሆድ በኩል። ብዙ ቤተሰብ ቱቦ ሲያይ ተስፋ ይቆርጣል። ቱቦ ግን ድልድይ ነው። ቱቦ ያለውም ሰው ሐኪሙ ከፈቀደለት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መዋጥ አለበት፤ ያልሠራ ጡንቻ መሥራት ይረሳል። ምራቅን በኃይል መዋጥና አፍን እስከሚችሉት መክፈት የዕለት ሥራ ነው። ሦስት ጣት ደርድሮ በጥርሶች መካከል ማስገባት ካልተቻለ መንጋጋ እየተያዘ ነውና ቶሎ መታየት ያስፈልጋል።

አፍ፣ ጥርስና ጾም

ለአፍ የሚሆነው ርካሽ ነገር ነው። አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ። በቀን ብዙ ጊዜ ተጉመጥምጦ መትፋት ነው፤ አይዋጥም። መፋቂያው ይቅርና በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳ። ጥርስ የሚያስነቅል ሰው አንገቱ ጨረር እንደወሰደ ከዓመታት በኋላም ቢሆን ለሐኪሙ መናገር አለበት። መንጋጋው ላይድን ይችላል። ሐኪም ያዘዘው ማስታገሻም ከመብላት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ቢወሰድ ማዕዱን ያቀላል።

ጾም ሲመጣ ወተቱም እንቁላሉም ይቀራል። የዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ አሉ፣ ፍልሰታም አለች። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስገድድም፤ የንስሐ አባት ያቃልሉለታል። ግን ብዙ ሽማግሌ «ከዚህ ሁሉ አውጥቶኝ እንዴት ልብላ» ይላል። ከእሱ ጋር ተከራክሮ የረታ ልጅ አላየሁም። የንስሐ አባቱን ቤት ድረስ ጠርቶ ማነጋገር ይሻላል። እሺ ካላለም የሱፍ ውኃ፣ ተልባ፣ ቀጠን ያለ ሽሮ፣ የተላመ ምስርና አቮካዶ አሉ። ውኃ ሳይጠጡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ግን ለደረቀ ጉሮሮ ከባድ ነው።

ክብደት በየሳምንቱ ይለካ። ጤና ጣቢያ ከራቀ የእህል ነጋዴ ሚዛንም ይሆናል፤ ሁልጊዜ ያው ሚዛን ይሁን እንጂ። በአንድ ወር ውስጥ ከ60 ኪሎ 3 ኪሎ የቀነሰ ሰው ለሐኪም መነገር አለበት። ቀኑን ሙሉ ምንም መጠጣት ያልቻለ፣ ሽንቱ የጠቆረ፣ ትኩሳት ያለው፣ በዋጠ ቁጥር የሚያስለው፣ ሲተነፍስ የሚያፏጭበት ወይም ደም የሚተፋ ሰው ግን ሚዛንም ቀጠሮም አይጠብቅም። በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሄዳል።

ለቀጠሮ ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ ሰው ደግሞ አጥሚቱን በፔርሙስ ይያዝ። ደጀን ላይ አውቶብሱ ለምሳ ሲቆም የሚቀርበው ጥብስና ቀይ ወጥ ነው። በዓባይ በረሃ ቁልቁለት ሙቀቱ ጉሮሮን ያደርቃል፤ ውኃው ከእጅ አይራቅ።