ደመወዝ ምንድን ነው? የተጎዳ ሠራተኛ ካሳ ሲሰላ ኦቨር ታይም የማይገባው ለምንድን ነው?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ፋብሪካ የሚሠራን ሰው «ደመወዝህ ስንት ነው?» ብትሉት ሁለት መልስ አለው። አንደኛው ውሉ ላይ የተጻፈው ነው። ሁለተኛው ኦቨር ታይሙ፣ ማለትም የትርፍ ሰዓት ክፍያው፣ ተደምሮ በወሩ መጨረሻ እጁ የሚገባው ነው። የቤት ኪራይ የሚከፍለው፣ ዕቁብ የሚጥለው፣ መንዝ ላሉት ወላጆቹ የሚልከው ሁለተኛውን አስቦ ነው። ሕጉ ግን ደመወዝ የሚለው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሰውየው ጤነኛ ሆኖ እስከሠራ ድረስ ልዩነቱ ብዙም አይታየውም። የሚታየው ሲጎዳ ነው።

እኔ በአንድ ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ፔሮል የምሠራ ነኝ። አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ከተማው ገና በብርድ እንደተጨበጠ፣ ጋቢ የደረቡ እናት ልጃቸውን ይዘው ቢሮ ገቡ። ልጁ ቀኝ እጁ እስከ አንጓው በፋሻ ተጠቅልሏል። ሁለት ጣቶቹን ሮለር ወስዶበታል። እናቱ ከመቀነታቸው ሁለት የታጠፉ ወረቀቶች አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ፤ አንዱ ከጉዳቱ በፊት የነበረው ወር የደመወዝ ወረቀት፣ አንዱ የዚያ ወር።

«ልጄ፣ ሕጉ ሦስት ወር ሙሉ ደመወዙን ይከፍላል ብለውኝ ነበር። ይኼ ሙሉ ነው?»

«አዎ እማማ፣ ሙሉ ነው» አልኳቸው።

«ታዲያ ያኛው ምንድን ነው?» ብለው በጣታቸው ያለፈውን ወር ነኩ።

ያኛው ከኦቨር ታይም ጋር የነበረው ነው። ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። እዚህ የምጽፈው ያን ቀን በደንብ ልነግራቸው የሚገባኝን ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 53 ደመወዝን ሲተረጉም፣ ሠራተኛው በውሉ መሠረት ለሠራው ሥራ የሚከፈለው መደበኛ ክፍያ ነው ይላል። ቀጥሎ ደመወዝ የማይባሉትን ይዘረዝራል። ከዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ያለው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ነው። ውሎ አበል፣ የትራንስፖርት አበል፣ ቦነስ፣ ኮሚሽንም እዚያው ናቸው። አዋጁ ከዚያ በኋላ «ደመወዝ» ባለበት ቦታ ሁሉ ይኼ ትርጉም ይከተላል። የጉዳት ክፍያውም የሚሰላው «በደመወዝ» ነው።

በቁጥር እንየው። ለስሌት እንዲመች ደመወዙ 4,160 ብር የሆነ ሠራተኛ እንውሰድ። በሳምንት 48 ሰዓት ይሠራል፤ በወር ሲታሰብ 208 ሰዓት ይሆናል፤ አንዱ ሰዓት 20 ብር ነው። አዋጁ ለትርፍ ሰዓት የሚያስከፍለው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ ስለዚህ 30 ብር። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት በ1.75 ተባዝቶ 35 ብር፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 40፣ በሕዝብ በዓል 50 ብር ይደርሳል። ጣሪያው በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ነው። ይህ ሠራተኛ በየሳምንቱ 12ቱንም በቀን ዋጋ ቢሠራ፣ ወር ሲሞላ 52 ሰዓት፣ 1,560 ብር ይጨምራል። ግብር ሳይቆረጥ 5,720 ብር አገኘ ማለት ነው።

አሁን ተጎዳ እንበል። ለጊዜው ከሥራ የሚያስቀር ጉዳት ከሆነ፣ አዋጁ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት የደመወዙን መቶ በመቶ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት 75 በመቶ፣ የቀሩትን ስድስት ወራት 50 በመቶ ያስከፍላል። «ሙሉ» የተባለው 4,160 ነው። ከዚያ 3,120 ይሆናል። ከሰባተኛው ወር ጀምሮ 2,080። 5,720 ብር ይገባበት የነበረ ቤት ውስጥ 2,080 ብር ይገባል፤ የእናትየው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው።

ጉዳቱ ቋሚ ከሆነና ሠራተኛው በጡረታ ሕግም በኢንሹራንስም ካልተሸፈነ፣ ለሙሉ የአካል ጉዳት የአምስት ዓመት ደመወዙ በአንድ ጊዜ ይከፈለዋል። በምሳሌያችን 249,600 ብር ነው። ኦቨር ታይሙ ቢቆጠር ኖሮ 343,200 ይሆን ነበር። 93,600 ብር ልዩነት አለው። ጉዳቱ ከፊል ከሆነ የሐኪሞች ቦርድ በሚሰጠው መቶኛ ልክ ይቀንሳል፤ ልዩነቱም አብሮ።

በጡረታ ሕጉ የተሸፈነውም ከዚህ አያመልጥም። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ ያዋጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርለታል። መዋጮው የሚቆረጠው በመደበኛ የሥራ ሰዓት ከሚገኘው ደመወዝ ነው። ከኦቨር ታይም ምንም አይቆረጥም። ሠራተኛው ይኼን እንደ ጥቅም ያየዋል፤ «ከኦቨር ታይሜ ጡረታ አልነኩብኝም» ሲል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! ያልተቆረጠበት ብር ግን የአካል ጉዳት አበሉ ሲሰላም አይኖርም። ገቢዎች ግን ያውቀዋል። ለሥራ ግብር ሲሆን ኦቨር ታይም ከደመወዙ ጋር ይደመራል። አሁን ባለው ሠንጠረዥ ከ4,000 ብር በላይ እስከ 7,000 ብር ያለው በ20 በመቶ ስለሚታሰብ፣ ከዚያ 1,560 ብር ላይ 312ቱ ግብር ነው። አንዱ ብር ለግብር ገቢ፣ ለካሳ ደግሞ ገቢ አይደለም። ይኼ ትክክል ነው ብዬ አላምንም።

የበለጠ የሚከብደኝ ሌላ ነገር ነው። ያ ልጅ ጣቶቹን ያጣው በትርፍ ሰዓት ላይ ነበር። አዋጁ በዚህ በኩል ቸር ነው፤ አሠሪው አዝዞት ሲሠራ የተጎዳ ሠራተኛ ከመደበኛ ሰዓቱ ውጭም ቢሆን በሥራ ላይ እንደተጎዳ ይቆጠራል። ስለዚህ «ኦቨር ታይም ላይ ስለሆነ አያገባንም» የሚል አለቃ ካለ አትስሙት። ነገር ግን ሕጉ ጉዳቱን ከትርፍ ሰዓቱ ተቀብሎ፣ ክፍያውን ሲያሰላ ትርፍ ሰዓቱን ይተወዋል።

ድኖ ሲመለስስ? ቀላል ሥራ ይሰጡታል፤ መጋዘን ወይም በር ጥበቃ። ደመወዙ አይነካም። ኦቨር ታይም ሲመጣ ግን ፎርማኑ ፈጣን እጅ ያለውን ይጠራል። ቦርዱ «20 በመቶ» ያለው ጉዳት ገቢው ላይ ከዚያ በላይ ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው፤ በምሳሌያችን ኦቨር ታይሙ ብቻ ከገቢው ከሩብ በላይ ነው። ይኼ ኪሣራ በየትኛውም ቅጽ ላይ የሚሞላበት ቦታ የለም።

ነገሩ በሌላ አገር በተቃራኒው ነው። ቨርጂኒያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ የጀርባ ጉዳት አለባትና ኤስ ኤስ አይ የሚባለውን የአሜሪካ መንግሥት ድጎማ ትቀበላለች፤ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ትሠራለች። እዚያ ከሥራ የሚገኝ ገቢ ኦቨር ታይሙ ጭምር፣ ግብር ሳይቀነስ ይቆጠራል። ሌላ ገቢ ከሌላት የመጀመሪያዎቹ 85 ዶላር ይታለፉላታል፤ ከዚያ በላይ ካለው ግማሹ ከድጎማዋ ይቀነሳል። ስለዚህ በኦቨር ታይም 200 ዶላር ብትጨምር ድጎማዋ 100 ዶላር ይወርዳል። በሥራ ዘመን መዋጮ የሚገኘው ሌላኛው የአካል ጉዳት ክፍያ ደግሞ የገቢ ጣሪያ አለው፤ ዓይነ ስውር ላልሆነ ሰው በነሱ 2025 በወር 1,620 ዶላር ነበር። ክፍያው ሳይነካ መሥራት የሚፈቀድባቸው ዘጠኙ የሙከራ ወራት ካለቁ በኋላ ኦቨር ታይም ከዚያ ካሻገረ የዚያ ወር ክፍያ ሊቀር ይችላል። እሷ አለቃዋ «ቅዳሜ ግቢ» ሲላት ካልኩሌተር ታወጣለች። እኛ ጋ ሠራተኛው እንዲህ የሚያሰላበት ምክንያት የለውም፤ ቅዳሜው ለአበሉ አይጨምርም፣ አይቀንስም።

ኦቨር ታይም አትሥሩ አልልም፤ ያለሱ ቤት የማይቆምላቸውን ሰዎች ስም በየወሩ እተይባለሁ። የምለው ስትቀጠሩ «ከኦቨር ታይም ጋር ይኼን ያህል ታገኛላችሁ» ሲሏችሁ፣ ውሉ ላይ የሚጻፈው መነሻ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። የደመወዝ ወረቀታችሁን አትጣሉ። ማኅበር ካላችሁ ደግሞ የኅብረት ስምምነቱን አንብቡ፤ አዋጁ የጉዳት ክፍያን በኅብረት ስምምነት ማሻሻልን ይፈቅዳል። «ለጉዳት ክፍያ ስሌት፣ ከጉዳቱ በፊት በነበሩት 12 ወራት የተከፈለ የትርፍ ሰዓት አማካይ ከደመወዝ ጋር ይደመራል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ማስገባት ይቻላል። የዚያ ልጅ ፋብሪካ ስምምነት ውስጥ ይህ ዓረፍተ ነገር አልነበረም። እናቱ ወረቀቶቹን መልሰው አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱና፣ ልጃቸውን በግራ እጁ ይዘው ወደ ጠባሴ ወረዱ።