ወንበር፣ ጠባብ ክፍልና ቪአር፦ የሚባለውና እውነታው

የምኖረው አዳማ፣ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ሰርቪስ ክፍል ነው። ስፋቷ ሦስት ሜትር በሁለት ተኩል ነው፤ አልጋ፣ ቁም ሳጥንና ጠረጴዛ ከገቡባት በኋላ የሚተርፈው ወለል አንድ ወንበር ቢይዝ ነው። ቪአር፣ ማለትም ዓይን ላይ ታጥቆ ሌላ ዓለም ውስጥ የገባን የሚያስመስለውን መነጽር፣ የምጫወተው እዚያው ወንበር ላይ ነው። ቅዳሜና እሁድ የሰፈር ሰው እየመጣ ይሞክራል፣ ሲመጣም ከየቦታው የሰማውን ይዞ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የምሰማውን ልመልስ።

"ለዚህ ነገር አዳራሽ ያስፈልጋል"

እየተራመዱ ለመጫወት ከሆነ እውነት ነው። ሜታ ኩዌስት ለተባለው የሜታ ኩባንያ የቪአር መነጽር የሚመከረው ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ባዶ ወለል ነው፣ እኔ ያን ያህል ለማግኘት አልጋዬን ግቢ ማውጣት አለብኝ። ግን መሣሪያው በአንድ ቦታ ሆኖ መጫወትም ይፈቅዳል፤ ያንን ከመረጡ በዙሪያችሁ ትንሽ ክብ ያሰምርና በቃ። አውሮፕላን ማብረር፣ መኪና መንዳት፣ እንቆቅልሽ መፍታት፣ ፊልም ማየት ድሮም ተቀምጠው የሚሠሩ ናቸው። የማይሆነው ቦክስና ከወለል ዕቃ እያነሱ የሚጫወቱት ዓይነት ነው።

አንድ የሚያስቅ ችግር ግን አለ። አንዳንዱ ጨዋታ መቀመጣችሁን አያውቅም፤ ከወንበሩ ላይ ቁመታችሁን ለክቶ የሰው ወገብ ላይ የምትደርሱ ልጅ ያደርጋችኋል። ከመጀመራችሁ በፊት ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ የተቀማጭ ምርጫ ካለው እሱን አብሩ።

"ተቀምጬማ ምን እመታለሁ?"

እኔ የመታሁት ሲኒ ነው። አከራዬ ቡና ይዘውልኝ ገብተው ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጠውት ነበር፣ እኔ ደግሞ በዚያው ቅጽበት ጠፈር ውስጥ መሪ እየጠመዘዝኩ ነበር። ወንበር እግርን እንጂ እጅን አያስርም። የተሰመረው ክብ የሚጠብቀው በዋናነት ጭንቅላትን ነው፤ ጭንቅላት ከክቡ ሲወጣ በካሜራው ክፍሉን ያሳያል፣ እጅ ሲወነጨፍ ግን ከግድግዳው ቀድሞ የሚነግራችሁ የለም። መለኪያው ቀላል ነው፦ መነጽሩን ሳታደርጉ ጆይስቲኩን ይዛችሁ ተቀመጡ፣ ወደ ፊት ጎንበስ በሉ፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ዙሩ። የነካችሁት ሁሉ ይነሳ። ወደ ላይም ዘርጉ፤ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ አምፖል የጠባብ ቤት ወግ ነው። የጆይስቲኩን ማሰሪያም እጃችሁ ላይ አጥልቁት።

"ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው አያጥወለውለውም"

በዚህ የተሸወደው ብዙ ነው። አንድ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ አለ፣ ቀኑን ሙሉ በኮብልስቶን ሲናጥ ውሎ ምንም የማይለው። የመኪና ውድድር ከፈትኩለት። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ላብ ላብ አለው፣ "አውርደኝ" አለኝ፣ መነጽሩን ሳይሆን ራሱን ከመኪናው።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ሚዛናችንን የሚጠብቀው ክፍል ውስጠኛው ጆሮ ነው። ዓይን "እየበረርን ነው" ሲል ጆሮ "ኧረ ወንበር ላይ ነን" ይላል፣ አንጎልም በሁለቱ ጭቅጭቅ መሃል ሆዱን ያስጨንቃል። አውቶቡስ ውስጥ ሲያነቡ የሚያጥወለውለው ተመሳሳይ ነው፣ ተገልብጦ፦ እዚያ ጆሮ ይሄዳል፣ ዓይን ወረቀቱ ላይ ቆሟል። ባጃጅ ነጂው በሥራው የማያመው መሪው በእጁ ስለሆነ ኩርባውን ቀድሞ ስለሚያውቀውና ሰውነቱም ያንኑ ኩርባ በትክክል ስለሚቀበል ነው። እኔ ቤት መሪውን ጠመዘዘ፣ የጠበቀው ግፊት ግን አልመጣም። እንዲያውም የለመደ ነጂ መሆኑ ሳይጎዳው አይቀርም።

ስለዚህ መቀመጥ የሚያድነው ከመውደቅ ነው። ለማጥወልወሉ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። ጨዋታው ከቦታ ቦታ በአንድ ጊዜ የሚያሻግር ከሆነ፣ መዞሩም በዝግታ ሳይሆን በቁርጥ ቁርጥ ከሆነ፣ ሲንቀሳቀሱም የእይታው ዳርቻ ከጠቆረ ይቀላል፤ ብዙዎቹ ጨዋታዎች ማስተካከያቸው ውስጥ እነዚህ አሏቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ወንበሩ ነው። እኔ የፕላስቲክ ወንበሬን ትቼ አሮጌ የሚዞር የቢሮ ወንበር ገዛሁ፤ በጣት ጆይስቲክ ገፍቶ ከመዞር በገላ መዞር ይሻላል፣ ያኔ ጆሮም አብሮ ስለሚዞር ጠቡ ይበርዳል። ማራገቢያም ከፊት ለፊቴ አቆማለሁ። ለአዳማ ሙቀት ብቻ አይደለም፤ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ፊቴ ስለሚያውቀው ምንም ብዞር ክፍሉ አይጠፋኝም።

"ቻለው፣ ይለመዳል" የሚሉትን ደግሞ አትስሙ። ይለመዳል፣ ግን በትንሽ በትንሹ ነው። ፊት ሲሞቅ፣ ምራቅ ሲበዛ ያኔውኑ ማውለቅ ነው። እንግዳ ሲመጣ ለመጀመሪያ ቀን ከአሥር ደቂቃ በላይ አልሰጥም፣ ቢለምነኝም።

"ጨለማ ሲሆን ነው የሚያምረው"

ሲኒማ ስለመሰላቸው ነው። መነጽሩ ውስጥ ከውጭ የሚገባ ብርሃን ትንሽ ነው፤ ክፍሉ ቢጨልም ለምስሉ የሚጨምረው የለም። መሣሪያው ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ግን ፊቱ ላይ ባሉት ካሜራዎች ክፍሉን እያየ ነውና በጨለማ ይታወራል፤ ዓለሙ ይንሸራተታል፣ እጅ ይጠፋል። አንድ ተራ አምፖል ይበቃል። መብራት ከጠፋም ባትሪው ለሁለት ሰዓት ያህል ይሠራል፣ የሚቸግረው ጨለማው ነው።

በጠባብ ቤት ማንም የማይጠረጥረው ጠላት የቁም ሳጥን መስታወት ነው። ካሜራዎቹ በመስታወቱ ውስጥ ሌላ ክፍል ያያሉ፣ ይደናገራሉ። እኔ ጋቢ አለብስበታለሁ።

ብርሃን ጥሩ ነው ማለት ግን ፀሐይ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ልጅ ሆነን በማጉያ መነጽር ወረቀት ያቃጠልን እናውቀዋለን፤ የቪአሩም ሌንስ ያው ማጉያ ነው። ሌንሱን ወደ መስኮት አድርጎ የተቀመጠ መነጽር የከሰዓት ፀሐይ ካገኘው ስክሪኑ ላይ የማይለቅ ቃጠሎ ያስቀራል። አውልቃችሁ ስታስቀምጡ ሸፍኑት። ተርባይን የሚያዞረው የአዳማ ነፋስም አቧራውን ያመጣልና ሌንሱን በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ብቻ ጥረጉ፤ አልኮልና የሸሚዝ ጫፍ ያበላሹታል።

"ስክሪኑ ዓይን ላይ ተለጥፎ ዓይን ያጠፋል"

ስክሪኑ ከዓይን በጥቂት ሴንቲሜትር ላይ ነው፣ ነገር ግን ሌንሱ ምስሉን ከአንድ ሜትር በላይ ርቆ እንዳለ አድርጎ ያቀርበዋል፤ ዓይን የሚያተኩረው እዚያ ርቀት ላይ ነው። ድካም ግን አለ፤ አለመርገብገብ ያደርቃል፣ ነገሩ ሲቀርብና ሲርቅም ዓይኖች ይከተሉታል እንጂ ትኩረታቸው ከአንድ ርቀት አይነቃነቅም። ሌላው የብዥታና የራስ ምታት ምክንያት በብሌኖች መካከል ያለው ርቀት ነው። ብዙ አዋቂ ሰው ወደ 63 ሚሊሜትር ገደማ አለው፤ ኩዌስት 2 የተባለው ሞዴል ሌንሶቹን በ58፣ በ63 እና በ68 ላይ ማቆም ይችላል። መነጽሩ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ይህን የሚያስተካክል የለም፣ ከዚያ "ዓይኔን አመመኝ" ይመጣል። ለልጆች ሜታ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ዕድሜ 13 ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በወላጅ ቁጥጥር ሥር ወደ 10 አወረደው። ከዚያ በታች ላሉት የጎረቤት ልጆች መልሴ አንድ ነው፦ አይሆንም።

"በስልክ የሚሠራው ካርቶንም ያው ነው"

አይደለም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው የካርቶን መነጽርና መሰሎቹ የሚያውቁት የጭንቅላትን መዞር ብቻ ነው። ወንበር ላይ ሆናችሁ ወደ ፊት ጠጋ ስትሉ ዓለሙ አብሯችሁ ይሄዳል፣ ይህም ሆድ ይበጠብጣል። በዚያ ሞክሮ "ቪአር አይስማማኝም" ያለ ሰው ገና ቪአር አላየም ባይ ነኝ።

"ያለ ኢንተርኔት አይሠራም" ለሚሉ፦ የወረደ ጨዋታ ብዙውን ጊዜ ያለ ኔት ይሠራል፤ ዋይፋይ የሚያስፈልገው ለማውረድና ከሰው ጋር ለመጫወት ነው።

"የወጣት ነገር ነው"

አከራዬ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ረጅም ሰዓት መቆም አይችሉም። የሲኒውን ነገር ይቅርታ ለመጠየቅ አስቀምጬ የባሕር ውስጥ ቪዲዮ አሳየኋቸው፤ ካሜራው የማይንቀሳቀስ፣ ዓሣው ብቻ የሚያልፍ። ነጠላቸውን ሰብስበው ዝም ብለው አዩ፣ ከዚያ ወደ ታች ተመለከቱ።

"ልጄ፣ እግሬን የት ወሰድከው?"

ወንበሩ ላይ አካል አይታይም፣ ውሃ ብቻ ነው። ጫማዎን አውልቁና ወለሉን ይርገጡት እማማ፣ አልኳቸው። በባዶ እግራቸው ሲሚንቶውን አበስ አበስ አደረጉት።

"አለ" አሉ፣ አንገታቸውንም ወደ ዓሣዎቹ መለሱ።